ደሴ ላይ ውሃ በ100 ዲግሪ አይፈላም፦ የባዮሎጂ ተማሪዎች ላብራቶሪ ውስጥ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ደሴ ውስጥ በአንድ ኮሌጅ የባዮሎጂ ላብ ውስጥ እሠራለሁ። ኬሚካል እመዝናለሁ፣ ስላይድ አዘጋጃለሁ፣ ተማሪዎች ሲሠሩ አጠገባቸው እቆማለሁ። በየዓመቱ አዳዲስ ልጆች ይመጣሉ፣ ስህተቶቹ ግን ያው ናቸው። ባለፈው ሰሞን አንዱን ስህተት እንደገና ሳይ በቃ ልጻፈው አልኩ።

የቤኔዲክት ሙከራ ነበር። ስኳር ያለበትን ፈሳሽ ከቤኔዲክት፣ ስኳርን ከሚጠቁመው ሰማያዊ ፈሳሽ፣ ጋር ቀላቅለን የፈላ ውሃ ውስጥ እንነክረዋለን። ሰማያዊው ወደ አረንጓዴ፣ ወደ ቢጫ፣ ስኳሩ ከበዛ ወደ ጡብ ቀይ ይለወጣል። ማኑዋሉ «የውሃውን ሙቀት መዝግቡ» ይላል። ከስድስት ቡድን አምስቱ 100 ዲግሪ ብለው ጻፉ። ሄጄ ቴርሞሜትሩን አየሁት። 92 ገደማ ነው። አንዱን ልጅ ጠየቅሁት። «ጋሼ፣ ቴርሞሜትሩ ተበላሽቷል» አለኝ።

አልተበላሸም! ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ከፍታ ሲጨምር የአየሩ ግፊት ይቀንሳል፣ ግፊቱ ሲቀንስ ውሃ በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል። 100 ዲግሪ የባሕር ጠለል ቁጥር ነው። ከባቲ ቆላ የመጣ ሰው ደሴ ላይ ንፍሮው አልበስል የሚለው ለዚሁ ነው። እናቶቻችን በድስታቸው ያወቁትን ነገር ልጆቹ ቴርሞሜትር ይዘው ሳያዩት ያልፋሉ።

ልጁ ሰነፍ አይደለም። መጽሐፉን አምኖ ዓይኑን ጠረጠረ። እኔም ተማሪ ሳለሁ 100 ብዬ ጽፌያለሁ። ቴርሞሜትሩን ቀና ብዬ እንኳ አላየሁትም። ሙሉ ማርክ አገኘሁበት፣ ያ ማርክ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ማንም አላረመኝምና ሌላ ላብ ስገባም እንደዚያው ቀጠልኩ። ስለዚህ ልጆች፣ 92 ካያችሁ 92 ጻፉ። 91 ካያችሁ 91። ከመጽሐፉ ጋር ካልገጠመ ከጎኑ «ለምን?» ብላችሁ አስፍሩ። ሪፖርት ሳይ መጀመሪያ የምፈልገው ያንን ጥያቄ ነው።

ይኸው ችግር ማይክሮስኮፕ ላይም አለ። ከሽንኩርት ውስጥ ስሱን ነጭ ልባስ ልጠን፣ አዮዲን ጠብ አድርገን እናያለን። የሴል ግድግዳው ይታያል፣ ኒውክለሱ ይታያል። ከዚያ ሥዕሉን ስቀበል ክሎሮፕላስት አለበት፣ ማይቶኮንድሪያ አለበት፣ ሁሉም ነገር አለበት። ከየት መጣ? ያ ልባስ አረንጓዴ አይደለም፣ ክሎሮፕላስት የለውም። ማይቶኮንድሪያም በዚህ ቀለምና በኛ ማይክሮስኮፕ አይታይም። ሥዕሉ የተገለበጠው ከሃንድአውት ነው። ሁለት ነገር ካያችሁ ሁለቱን ብቻ ሣሉ። ጠርዙ ጥቁር፣ መሐሉ ባዶ የሆነ ድብልብል ነገር ካያችሁ ደግሞ ሴል አይደለም፣ የአየር አረፋ ነው። ከላይ የሚከደነውን ስስ መስታወት፣ ከቨር ስሊፑን፣ በአንድ ጎኑ አስነክታችሁ፣ በመርፌ ደግፋችሁ ቀስ ብላችሁ ካስተኛችሁት አረፋው ይቀራል።

ጄኔቲክስ ላይም እንዲሁ ነው። መጽሐፉ 3 ለ 1 ስለሚል፣ ቁጠሩ ሲባሉ ልክ 30 ለ 10 ይዘው የሚመጡ አሉ። የጄኔቲክስ አባት የሚባለው ሜንዴል ራሱ በ1866 ባሳተመው ሥራው ላይ 5,474 ድቡልቡል እና 1,850 የተጨማደደ የአተር ፍሬ ነው የመዘገበው። አካፍሉት፣ 2.96 ነው የሚመጣው። እሱ 3 ለ 1 ያልደፈነውን እናንተ ለምን ትደፍኑታላችሁ?

ስለ ማይክሮስኮፕ ካነሳሁ ላይቀር። ሁልጊዜ በባለ 4ቱ ሌንስ ጀምሩ። ባለ 40ው ላይ ከደረሳችሁ በኋላ ትልቁን ማዞሪያ አትንኩት፣ ትንሹ ይበቃል። ባለ 100ው ዘይት ይፈልጋል፣ ሌሎቹ አይፈልጉም። ሲጨርሱ ዘይቱን በሌንስ ወረቀት መጥረግ ግድ ነው። በነጠላ ጫፍ፣ በጋውን እጅጌ፣ በሶፍት የሚጠርጉ አይቻለሁ። ሌንሱ ይጫራል። የተጫረውን ሌንስ የሚቀይርልን የለም፣ የሚቀጥለው ዓመት ልጅ በዚያው ጭረት ውስጥ ነው የሚያየው።

ግራም ስቴይን፣ ባክቴሪያዎችን በቀለም ለሁለት የምንለይበት ሙከራ፣ ላይ ስህተቱ ሁልጊዜ አልኮሉ ላይ ነው። ክሪስታል ቫዮሌት አንድ ደቂቃ፣ አዮዲን አንድ ደቂቃ፣ አልኮል ግን ሰከንዶች ብቻ፣ ከዚያ ሳፍራኒን። አንዲት ተማሪ ከቤቷ እርጎ አምጥታ ሠራች። ሁሉም ሮዝ ወጣ፣ «ግራም ኔጋቲቭ» ብላ ጻፈች። እርጎ የሚያረጉት ላክቶባሲለስ እና ዘመዶቹ ግራም ፖዘቲቭ ናቸው፣ ሐምራዊ መሆን ነበረባቸው። አልኮሉን እያፈሰሰች ከጓደኛዋ ጋር ታወራ ነበር፣ አልኮሉ በዝቶ ሐምራዊውን አጠበው። አብሽሪ አልኳት፣ ደግማ ሠራችው፣ ሁለተኛው ሐምራዊ ወጣ። ሁለቱንም ውጤት ሪፖርቷ ላይ ከነምክንያቱ አስቀመጠች። በጣም ደስ ያለኝ ሪፖርት ነው።

የመመረቂያ ፕሮጀክት የምትሠሩ ይህን በደንብ ስሙኝ። አውቶክሌቭ፣ ዕቃና ምግብ በእንፋሎት ግፊት ከጀርም የምናጸዳበት ማሽን፣ ላይ ማኑዋሉ «15 ፒኤስአይ፣ 121 ዲግሪ፣ 15 ደቂቃ» ይላል፣ ፒኤስአይ የግፊት መለኪያ ነው። ይህም የባሕር ጠለል ቁጥር ነው። የግፊት ማሳያው፣ ጌጁ፣ የሚያሳየው ከውጭው አየር በላይ ያለውን ግፊት ነው፣ የኛ የውጭ አየር ደግሞ ቀላል ነው። ደሴ ላይ ጌጁ 15 ሲል ውስጡ 117 ዲግሪ ገደማ ነው ያለው። 121 ለመድረስ ወደ 19 ፒኤስአይ ያስፈልጋል። ማሽኑ ያን ያህል የማይችል ከሆነ በፍጹም አታስጨንቁት፣ የሴፍቲ ቫልቩንም አትንኩ፣ ጊዜውን አርዝሙ። ደግሞ ቫልቩን ከመዝጋታችሁ በፊት ውስጥ ያለው አየር በእንፋሎቱ ተገፍቶ ይውጣ። አየር ከቀረ ጌጁ ምንም ይበል ምን ሙቀቱ አይደርስም። አንድ ልጅ ባክቴሪያ የሚያሳድግበት ጄሊ፣ አጋር የሚባለው፣ በተደጋጋሚ እየተበከለበት አንድ ወር ሙሉ «እጄ ቆሻሻ ነው» እያለ ራሱን ሲወቅስ ነበር። አየሩን ሳያስወጣ ነበር የሚዘጋው።

አጭር አጭሮቹን ልበል። አሲዱን ወደ ውሃው እንጂ ውሃውን ወደ አሲዱ አትጨምሩ። ሻማም ሆነ ፋኖስ ሲነድ የአልኮል ጠርሙስ ክዳን ይዘጋ። በአፍ ፒፔት መሳብ ፈጽሞ አይሆንም። ቆሎው ውጭ ይቆይ። ሳይንሳዊ ስም ስትጽፉ የመጀመሪያው ቃል በትልቅ ፊደል ይጀምራል፣ ሁለተኛው በትንሽ፣ በእጅ ከሆነ ሁለቱም ይሰመርባቸዋል። የገዛ ጤፋችሁን ስም፣ ኤራግሮስቲስ ቴፍን፣ አሳስታችሁ ስትጽፉ ያመኛል።

የመጨረሻው የመስክ ጉዞ ነው። ከደሴ ወደ 30 ኪሎ ሜትር ሄደን ሐይቅ ከተማ አጠገብ ካለው ሐይቅ ፕላንክተን፣ ውሃ ውስጥ የሚንሳፈፉ ጥቃቅን ፍጥረታት፣ ሰብስበን ነበር። በገዳሙ በኩል፣ በከተማው በኩል፣ ከጥልቁም ከዳሩም። ልጆቹ ሲደክሙ ውለዋል፣ በመረብ ጎትተው ጠርሙስ ውስጥ አልኮል ጨምረው አስቀመጡት። ምልክቱን ከላይ በማርከር ጻፉ። መኪናው ሲያንገጫግጭ አልኮሉ በክዳኑ ሾልኮ ወጣ፣ ማርከሩን አጠበው። ደሴ ስንደርስ 14 ጠርሙስ አለ፣ የቱ ከየት እንደመጣ የሚያውቅ የለም። አንዷ ልጅ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። በሚቀጥለው ቅዳሜ በራሳቸው ገንዘብ ተመልሰው ሄዱ።

የእርሳስ ጽሑፍ በአልኮል አይለቅም። ወፈር ያለ ወረቀት ላይ ቦታውን፣ ቀኑን፣ ሰዓቱን በእርሳስ ጻፉና ጠርሙሱ ውስጥ ክተቱት፣ ከውጭ አትለጥፉት። ላቡ መሳቢያ ውስጥ እርሳስም ወረቀትም አለ። ከመውጣታችሁ በፊት ጠይቁኝ፣ እሰጣችኋለሁ።