ከስኳር የሶዲየም-አዮን ባትሪ አኖድ እንዴት ይሠራል?

የሊቲየም ባትሪ አኖድ (ባትሪው ሲሞላ አዮኖቹን የሚቀበለው አሉታዊ ጫፍ) አብዛኛውን ጊዜ ግራፋይት የሚባለው ድርብርብ ካርቦን ነው። ሶዲየም ግን ግራፋይት ውስጥ እንደ ልቡ አይገባም። ነገሩ የአዮኑ ትልቅነት ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ከእሱ የሚበልጠው ፖታሲየም እንኳ ይገባል። ለሶዲየም የሚስማማው ሃርድ ካርቦን የሚባለው አተሞቹ በሥርዓት ያልተደረደሩ ካርቦን ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 ተመራማሪዎቹ ስቲቨንስና ዳን ከግሉኮስ ሠርተውት በግራም 300 ሚሊአምፔር-ሰዓት ገደማ ኤሌክትሪክ ያዘላቸው። ተራ ስኳርም ይሆናል። ሥራው ግን የቤተ ሙከራ እንጂ የኩሽና አይደለም።

መጀመሪያ ስኳሩን በ180 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ጥቁር እስኪሆን ያክስሉት። አረፋ ደፍቆ ስለሚገነፍል ዕቃውን ሩቡን ብቻ ይሙሉ። ሲቀዘቅዝ ይፍጩና በወንፊት ይንፉ።

ቀጥሎ ዋናው እሳት ይመጣል። ዱቄቱን በአሉሚና ዕቃ አድርገው የቱቦ ምድጃ ውስጥ ያስገቡ። ከማሞቅዎ በፊት አየሩን በአርጎን ያስወጡ። በደቂቃ ከ5 ዲግሪ ሳያልፉ እስከ 1300 ያድርሱና 2 ሰዓት ያቆዩት። የሚወጣው ጋዝ ካርቦን ሞኖክሳይድ ስላለበት ወደ ውጭ መወገድ አለበት። አርጎኑን እስኪቀዘቅዝ አይዝጉ፤ ትኩስ ካርቦን አየር ካገኘ ይቃጠላል።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ቀዳዳ በበዛ ቁጥር ብዙ ሶዲየም የሚይዝ ይመስለዋል። ክፍት ቀዳዳ ግን ኤሌክትሮላይት (አዮኖቹን የሚያመላልሰውን የባትሪ ፈሳሽ) ያስገባል፤ በመጀመሪያው ቻርጅ ሶዲየሙ እዚያው ገጽ ላይ ባክኖ ይቀራል። የምንፈልገው የተዘጋውን ቀዳዳ ነው። ከ1000 ይልቅ 1300 ዲግሪ የሚመረጠውም ሙቀቱ ክፍቱን ገጽ ስለሚቀንስ ነው። ቀዳዳ ለማብዛት ፖታሽ መጨመር ለዚህ ሥራ ትርፉ ኪሳራ ነው።

ቀሪው ቀላል ነው። በክብደት 90 እጅ ካርቦን፣ 5 እጅ ኤሌክትሪክ አስተላላፊ የካርቦን ጥላሸትና 5 እጅ ካርቦክሲሜቲል ሴሉሎስ ያዘጋጁ። ሴሉሎሱን ቀድመው በውኃ ያሟሙት፤ አለበለዚያ ይጓጉላል። ድፍድፉን በአሉሚኒየም ፎይል ላይ በስሱ ይቀቡ። መዳብ አያስፈልግም፤ ሶዲየም እንደ ሊቲየም ከአሉሚኒየም ጋር አይዋሃድም። ሲደርቅ በቫኪዩም በ100 ዲግሪ ያሳድሩት።

ሙከራው በአርጎን በተሞላ ዝግ ሳጥን ውስጥ፣ ከሶዲየም ብረት ትይዩ ይደረጋል። ሶዲየም ከውኃ ጋር ይፈነዳልና ጠብታ እንኳ እንዳይገባ። ቮልቴጁ መጀመሪያ ተንሸራቶ ይወርዳል፤ ከ0.1 ቮልት በታች ሲደርስ በግራፉ ላይ ጠፍጣፋ መስመር ይሠራል። መስመሩ አጭር ከሆነ መጀመሪያ የምድጃውን ሙቀት ይጠርጥሩ። ከረንቱንም ዝቅ አድርገው ይሞክሩ፤ መስመሩ ለዜሮ ቮልት ቅርብ ስለሆነ ከረንቱ ከበዛ ቮልቴጁ ቶሎ ዜሮ ይደርስና ካርቦኑ ሳይሞላ ሙከራው ይቆማል።