ከታክሲ ወርዶ ቤት እስኪገባ፦ መጠጥ እንዴት ይቀነሳል?

ማታ 1 ሰዓት ቱሉ ዲምቱ ላይ ከታክሲ ወርጄ ኮንዶሚኒየማችን እስክደርስ ዘጠኝ ግሮሰሪ አልፍ ነበር። አልፍ ነበር ስል ራሴን እያሞገስኩ ነው። አንዱ ሁሌም ያስቀረኛል። ስለዚህ የመጀመሪያ ምክሬ "ጨክን" አይደለም፤ መንገድ ቀይር ነው። በጀርባ በኩል ይግቡ፣ ትንሽ ቢያስኬድም።

ከዚያ በፊት ግን፦ ጠዋት ካልጠጡ እጅዎ ይንቀጠቀጣል? ላብ ያጠምቅዎታል? እንግዲያው ብቻዎን በአንዴ አያቁሙ። ለረጅም ጊዜ በየቀኑ ብዙ የጠጣ ሰው ድንገት ሲያቆም በሁለት ቀን ውስጥ ሊያንዘፈዝፈው፣ ቀጥሎም ሊያቃዠው ይችላል። ሰው ይሞትበታል። ጤና ጣቢያ ሄደው ሳያፍሩ ይናገሩ።

ይህ ከሌለብዎት ለአንድ ሳምንት ይቁጠሩ። ስልክዎ ላይ "ሰኞ 2፣ ቅዳሜ 7" ብሎ መጻፍ ይበቃል። እኔ አስተናጋጇን "ባዶውን አታንሺብኝ" እላት ነበር፤ ጠርሙሶቹ ፊት ለፊት ተደርድረው ሲታዩ ያሳፍራሉ።

መቁጠሩ ለምን ይጠቅማል? 5 ፐርሰንት የሆነ 330 ሚሊ ሊትር ቢራ 13 ግራም ገደማ አልኮል አለው። ጉበት አንዱን ለማጥራት ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጅበታል፤ ቡናም ሻወርም አያፋጥነውም። ማታ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ስድስት ጠርሙስ የጠጣ ሹፌር ንጋት 11 ሰዓት ሚኒባሱን ሲያስነሳ አልኮሉ ገና ደሙ ውስጥ ሊኖር ይችላል። አረቄ ደግሞ መለኪያዋ ትንሽ ናት ብለው አይናቋት። ጉዳቱም ጉበት ላይ አያበቃም፤ ደም ግፊት፣ የጉሮሮ ካንሰርና የጡት ካንሰር አሉ።

ሳይበሉ አይቀመጡ። በየመሃሉ ውሃ።

ከባዱ ዙር ነው። አምስት ሆናችሁ ስትቀመጡ እያንዳንዱ ሲጋብዝ አምስት ጠርሙስ ሆነ ማለት ነው። "መድኃኒት ላይ ነኝ" የምትለዋ ውሸት እስካሁን አላሳፈረችኝም፤ ማንም ሁለተኛ አይጠይቅም። ጨብሲ (ከጫት በኋላ ምርቃናውን በመጠጥ መስበር) የለመደ ሰው ግን ቢራውን ብቻ ልቀንስ ቢል አይሆንለትም። መጀመሪያ ጫቱን ይቀንስ።

ጾም ጥሩ መነሻ ነው፤ ብዙ ሰው ሁለት ወር ይተዋል። ችግሩ ፋሲካ ላይ ነው፣ ሁሉንም በአንድ ቀን ማወራረድ። ሰውነት ልምዱን ትቷል፤ የድሮው ልክ አሁን ከበፊቱ ይበልጥ ይመታል። የዚያን ቀን ከሁለት ጠርሙስ አይለፉ።