ቦሌ ስታርፉ ንፋስ ካስቸገራችሁ

ካዛንቺስም ሁኑ ፒያሳ፣ ማታ ማታ ሲሙሌተር (የኮምፒውተር በረራ መለማመጃ) ከፍታችሁ ቦሌ ማረፍ ለምትለማመዱ ነው የምጽፈው። እውነተኛ አውሮፕላን ላይ ግን የሚሠራው የአውሮፕላኑ መመሪያና የአሰልጣኛችሁ ቃል ነው።

ችግር፦ አፍንጫው ማኮብኮቢያውን እያየ አውሮፕላኑ ወደ ጎን ይሄዳል።

ምክንያቱ የጎን ንፋስ ነው። አየሩ ሲሄድ አውሮፕላኑንም ይዞት ይሄዳል። ምን ያህል እንደሚገፋችሁ በቃል አስሉት። ቦሌ 07 ማለት ወደ 70 ዲግሪ የሚያይ ማኮብኮቢያ ነው። ንፋሱ ከ100 ዲግሪ በ16 ኖት (ኖት የፍጥነት መለኪያ አሃድ ነው) ከመጣ ልዩነቱ 30 ዲግሪ ነው። በ30 ዲግሪ ግማሹ ከጎን ይመታችኋል፤ 8 ኖት ማለት ነው። ልዩነቱ 60 ከደረሰ ሙሉውን ብላችሁ ያዙት።

መፍትሄ፦ አፍንጫውን ትንሽ ወደ ንፋሱ አዙራችሁ ኑ። መሬት ልትነኩ ስትሉ በራደር (በእግር እየረገጣችሁ አፍንጫውን ግራና ቀኝ በምታዞሩበት የጅራት ክፍል) ከመሃል መስመሩ ጋር አስተካክሉት። እዚያው ላይ ንፋሱ በሚመጣበት በኩል ያለውን ክንፍ በትንሹ ዝቅ አድርጉ። ራደሩን ብቻ ረግጣችሁ ክንፉን ከረሳችሁ ንፋሱ ወዲያው ይገፋችኋል። ጎማው ከነካ በኋላም የእጅ መሪውን ወደ ንፋሱ እንደያዛችሁ ቆዩ። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይለቀዋል፤ ክንፉ ብድግ የሚለውም ያኔ ነው።

ችግር፦ አልቀመጥም ብሎ ማኮብኮቢያውን ይጨርሳል።

ንፋሱ ከኋላ ሊሆን ይችላል። ቦሌ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለ አየሩ ስስ ነው። መለኪያው 140 ኖት ሲል እውነተኛው ፍጥነት ከ155 ያልፋል። የ10 ኖት የኋላ ንፋስ ሲጨመርበት አስቡት። መሬት ላይ ያላችሁ ፍጥነት በ10 በመቶ ሲጨምር ለማቆም የሚፈልገው ርቀት ወደ 21 በመቶ ያድጋል።

መፍትሄ፦ በሌላኛው ጫፍ ግቡ። ንፋስ የሚጠራው በሚመጣበት አቅጣጫ ነው። መስቀል አደባባይ ባንዲራው ወደ ምዕራብ ከተውለበለበ ንፋሱ የምሥራቅ ነው፤ ስለዚህ 07 ይሻላል። ካዛንቺስ ፎቆች መሃል ያለውን ባንዲራ ግን አትመኑ፤ ሕንፃ ንፋስ ያጣምማል።

ችግር፦ ፍጥነቱ ከፍ ዝቅ ይላል።

ንፋሱ እየቆየ ይነፍሳል ማለት ነው። ከ12 ኖት ወደ 22 የሚዘል ከሆነ የልዩነቱን ግማሽ፣ 5 ኖት፣ ማረፊያ ፍጥነታችሁ ላይ ጨምሩ።

ችግር፦ ዝናብ ባዘለ ደመና ሥር ፍጥነቱ ድንገት ይወድቃል።

የፊት ንፋሱ በአንዴ ወደ ኋላ ተገልብጧል። ይሄ አደገኛው ነው። ማረፉን ተዉት። ሙሉ ኃይል ስጡና አፍንጫውን አንሱ። ከዚያ አየር እስክትወጡ ድረስ ጎማና ፍላፕ (ከክንፉ ኋላ የሚወርደውን ሰሌዳ) አትንኩ።