በሚኔሶታ የእንፋሎት ቦይለር ኦፕሬተር ፈቃድ እንዴት እንደሚወጣ

በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል በትምህርት ቤት፣ በሆስፒታል ወይም በትልልቅ ሕንፃዎች ጥገና ለሚሠሩ ወገኖቻችን የቦይለር ፈቃድ የተሻለ ደመወዝ የሚያስገኝ አንዱ መንገድ ነው። ሀገር ቤት በጨርቃ ጨርቅ ወይም በቢራ ፋብሪካ ቦይለር ይዞ የሠራ ሰው ደግሞ ሙያውን ጥሎ ሌላ ነገር ከመጀመር ይድናል።

መጀመሪያ የምትኖሩበትን ቦታ ሕግ አጣሩ። ፈቃዱን የፌዴራሉ መንግሥት አይሰጥም። ሚኔሶታ በግዛት ደረጃ በሠራተኛና ኢንዱስትሪ መምሪያዋ በኩል ትሰጣለች። በዋሽንግተን ግዛት ግን ፈቃዱ የከተሞች ጉዳይ ነው፤ ሲያትልና ታኮማ የየራሳቸው አላቸው። ስለዚህ ሲያትል ያለ ዘመዳችሁ የነገራችሁን ይዛችሁ ሚኔሶታ ላይ አታመልክቱ።

ቀጥሎ ደረጃውን ምረጡ። ብዙው ሰው የሚጀምረው ዕድሜው 18 ዓመት የሞላው ሰው ከሚያመለክትበት፣ ስፔሻል ከሚባለው ፈቃድ ነው። እስከ 50 የፈረስ ጉልበት ያላቸውን ቦይለሮች ለመያዝ ያስችላል፤ ከዚያ በሚበልጡት ላይም ፈቃድ ባለው ኢንጂነር ሥር ሆኖ ለመማር በር ይከፍታል። ለሁለተኛ ደረጃ ቢያንስ የአንድ ዓመት፣ ለአንደኛ የ3፣ ቺፍ ለሚባለው ከፍተኛው ደረጃ የ5 ዓመት ልምድ ይጠየቃል። ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ ፊደል ይከተላል፦ ሲ ዝቅተኛ ግፊት ብቻ፣ ቢ ዝቅተኛና ከፍተኛ ግፊት፣ ኤ ደግሞ የእንፋሎት ሞተርና ተርባይን ጭምር። ዝቅተኛ ግፊት የሚባለው እንፋሎቱ በካሬ ኢንች ከ15 ፓውንድ የማይበልጥበት ነው። ልምዱ ካላችሁ ቢን እንጂ ሲን አትምረጡ፤ ሲ የትምህርት ቤትና የአፓርትመንት ማሞቂያ ላይ ያስቀራችኋል።

ብዙ ሰው የሚሰናከለው የፈረስ ጉልበት አቆጣጠር ላይ ነው። አምራቹ በሰሌዳው ላይ የሚጽፈው ቁጥር ቦይለሩ የሚያመርተውን እንፋሎት ይናገራል፤ አንድ የቦይለር ፈረስ ጉልበት ማለት በ212 ዲግሪ ፋራናይት ላይ ያለን 34.5 ፓውንድ ውሃ በአንድ ሰዓት ውስጥ ወደ እንፋሎት መለወጥ ነው። የሚኔሶታ ሕግ ግን የሚቆጥረው በብረቱ ስፋት ነው። በአንድ ወገን እሳትና ትኩስ ጋዝ፣ በሌላው ወገን ውሃ የሚነካውን ገጽ ይወስድና ለተለመደው ዓይነት ቦይለር በየ10 ካሬ ጫማው አንድ የፈረስ ጉልበት ይሰጣል። ጥቅል ቱቦ ላላቸው የእንፋሎት ማመንጫዎች በየ5 ካሬ ጫማው ነው።

ስለዚህ ሰሌዳው 100 የፈረስ ጉልበት የሚል፣ ገጹ ግን 500 ካሬ ጫማ የሆነ የተለመደ ቦይለር በግዛቱ ስሌት 50 ብቻ ነው። ይህን ሳያውቁ ስንቶች «ይህ ማሽን ከእኔ በላይ ነው» ብለው ጥሩ ሥራ አልፈዋል! ሰሌዳው ላይ «ሂቲንግ ሰርፌስ» (የሚሞቀው ገጽ) ከሚለው ጽሑፍ አጠገብ ያለውን ቁጥር ፈልጉ። ብዙ ጊዜ ከቦይለሩ ፊት ለፊት፣ በተደራረበ ቀለም ተሸፍኖ ነው የሚገኘው፤ ባትሪና እርጥብ ጨርቅ ይዛችሁ ግቡ።

ለፈተናው ስትዘጋጁ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞሩ የጥያቄና መልስ ወረቀቶችን ብቻ አትሸምድዱ። ጥያቄው ትንሽ ሲቀየር ይጥሏችኋል፤ ከፈተናው በኋላ ደግሞ ቦይለሩ ፊት ለፊት ይጠብቃችኋል። በ1905 በማሳቹሴትስ ብሮክተን አንድ የጫማ ፋብሪካ ውስጥ ቦይለር ፈንድቶ 58 ሰዎች ሞተዋል፤ ግዛቲቱ ጥብቅ የቦይለር ሕግ ያወጣችውም ከዚያ በኋላ ነው።

ከሁሉ በላይ የውሃ ማነስን ተማሩ። በቦይለሩ ውስጥ ያለውን የውሃ ከፍታ በሚያሳየው የመለኪያ መስታወት ውስጥ ውሃ ካልታያችሁ እጃችሁ ወደ ውሃ ማስገቢያው መሄድ የለበትም። መጀመሪያ እሳቱን አጥፉ፤ ከዚያ ቦይለሩ በራሱ ጊዜ ይቀዝቅዝ፣ እስኪመረመርም አይነሳ። በጋለ ብረት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ቢገባ ውሃው በቅጽበት እንፋሎት ይሆናል፣ ብረቱም በድንገት ይኮማተራል፤ ፍንዳታ የሚመጣው እንዲህ ነው። ውሃ ሲያንስ እሳቱን የሚያጠፋውን መቆጣጠሪያ አሠራርም ባለሙያ ቆሞ ያሳያችሁ፦ በርነሩ (እሳቱን የሚያነደው ክፍል) እየነደደ የመቆጣጠሪያው ማጠቢያ ቫልቭ ይከፈታል፣ ዝቃጭ ያለበት ቡናማ ውሃ ይወርዳል፣ በመቆጣጠሪያው ውስጥ ውሃው ላይ የሚንሳፈፈው ኳስ ዝቅ ይላል፣ ነበልባሉ ይጠፋል። ካልጠፋ ቦይለሩ ሥራ ማቆም አለበት። ይህን አንድ ጊዜ በዓይኑ ያየ ሰው የፈተናውን ጥያቄ በቀላሉ ይረዳዋል።

ማመልከቻው ራሱ ከባድ አይደለም። ስማችሁ በመታወቂያችሁ፣ በማመልከቻውና በአሠሪው ደብዳቤ ላይ በአንድ ዓይነት ሆሄያት ይጻፍ፤ የአባትና የአያት ስም ቦታ መቀያየር እኛን በተለይ የሚያጉላላ ነገር ነው። አሠሪያችሁ ቦይለር መያዛችሁን ሳይጠቅስ «ጥገና ላይ ሠርቷል» ብቻ ብሎ እንዲጽፍላችሁ አትፍቀዱ። የማውቀው አንድ የሥራ ባልደረባ በእንዲህ ያለ ደብዳቤ ምክንያት እንደገና ለመለመን ወደ ቀድሞ አሠሪው ተመልሷል።

ስፔሻሉን ባወጣችሁ ማግሥት ለሁለተኛ ደረጃ የሚሆነውን ማስረጃ መሰብሰብ ጀምሩ። አንድ ደብተር ግዙና የቦይለሩን ዓይነት፣ የገጹን ስፋት፣ የሚሠራበትን ግፊት፣ ፈረቃችሁንና የተቆጣጣሪያችሁን ስም በየቀኑ መዝግቡ። ስልክ ላይ መያዝ ይቻላል፤ እኔ ግን ተቆጣጣሪው በየወሩ የሚፈርምበትን ደብተር እመርጣለሁ።