አዲስ የተበሳ ቀዳዳ ሲያስቸግር፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

ጆሮ፣ አፍንጫ ወይም እምብርት ከተበሳ በኋላ ሰው የሚሳሳተው በሁለት መንገድ ነው። አንዱ ደህና እየዳነ ያለውን ቀዳዳ «አመረቀዘ» ብሎ አልኮሉንም ቅባቱንም እየደራረበ ያቆስለዋል። ሌላው ደግሞ የምር አመርቅዞ እያለ «አዲስ ስለሆነ ነው» እያለ ቀን ይቆጥራል። ሁለቱም የሚመጡት ምልክቱን ለይቶ ካለማወቅ ነው። ስለዚህ ከምልክቱ እንነሳ።

ከመበሳታችሁ በፊት የሚታዩ ምልክቶች

ብዙ ጣጣ የሚጀምረው ገና ወንበሩ ላይ ሳላችሁ ነው። ባለሙያው እጁን ሳይታጠብና አዲስ ጓንት ሳያጠልቅ ወደ እናንተ ከመጣ፣ ወይም መርፌውን ከተከፈተ ሳህን ላይ ካነሳ፣ ተነስታችሁ ውጡ። ይሉኝታ እዚህ ቦታ የለውም። ሌላ ሰው የተበሳበት መርፌ ሄፓታይተስ ቢን፣ ሄፓታይተስ ሲንና ኤችአይቪን ሊያስተላልፍ ይችላል። መርፌው ለአንድ ሰው፣ ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚውል መሆን አለበት። ከታሸገ ከረጢት ውስጥ ዓይናችሁ እያየ ይውጣ። ጌጡም እንዲሁ።

መሣሪያ የሚመክንበት፣ ማለትም ከጀርም ሁሉ የሚጸዳበት፣ ማሽን አውቶክሌቭ ይባላል። እንፋሎቱን አፍኖ ቢያንስ 121 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያደርሰዋል። መሣሪያው የሚገባበት ከረጢት ላይ ትንሽ ምልክት አለች፤ ማሽኑ ውስጥ ስትቆይ ቀለሟን ትቀይራለች። «እስቲ ያሳዩኝ» ማለት መብታችሁ ነው። ሥራውን የሚያውቅ ባለሙያ በዚህ ጥያቄ አይቆጣም። መሣሪያን በአልኮል መወልወል ግን ማምከን አይደለም።

በስፕሪንግ የሚተኮሰው የጆሮ መብሻ ሽጉጥ ሌላው ምልክት ነው። ብዙዎቹ አካላቸው ፕላስቲክ ስለሆነ አውቶክሌቭ ውስጥ አይገቡም። ደግሞም ቆዳውን የሚበሳው ስለታም መርፌ ሳይሆን ጉትቻው ራሱ ነው፤ በጉልበት ገፍቶ ይገባል። የላይኛውን ጠንካራ የጆሮ ክፍል፣ ማለትም ልም አጥንቱን፣ እንዲህ መብሳት ውስጡን ሊሰነጥቀው ይችላል። በእኔ እምነት ለልም አጥንትና ለአፍንጫ ሽጉጥ ፈጽሞ መነሳት የለበትም።

የስኳር ሕመም ወይም የልብ ቫልቭ ችግር ያለባችሁ፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የምትወስዱ፣ ቀድሞ ሐኪም አማክሩ። የቲታነስ ክትባታችሁ ጊዜው እንዳላለፈ አረጋግጡ። በባዶ ሆድ ደግሞ አትሂዱ፤ ሳይበሉ መሄድ ራስን ለመሳት ያጋልጣል።

ቀልቷል፣ አብጧል፣ ፈሳሽ ይወጣዋል

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይህ የጤና ነው። ጌጡ ዙሪያ ደርቆ የምታገኙት ነጣ ወይም ቢጫ ያለ ፈሳሽ መግል አይደለም። ሰውነት ቁስል ሲጠግን የሚያፈልቀው ቀጭን ፈሳሽ ነው፤ አየር ሲያገኘው ደርቆ ቅርፊት ይሆናል። ጠቆር ያለ ቆዳ ላይ መቅላቱ ላይታይም ይችላል፤ ከቀሪው ቆዳ ይበልጥ ጠይሞ ብቻ ይታያል። ስለዚህ ከቀለሙ ይልቅ ሙቀቱንና ሕመሙን ተከታተሉ።

መፍትሄው በቀን ሁለት ጊዜ በኖርማል ሳላይን ማጠብ ነው። 0.9 በመቶ ጨው ያለው፣ ታሽጎ የሚሸጠው ማለቴ ነው። ቤት ውስጥ በግምት የሚበጠበጥ ጨው አብዛኛውን ጊዜ ስለሚበዛ ቆዳውን ያደርቀዋል። መጀመሪያ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ንጹሕ ጎዝ በሳላይኑ ነክራችሁ ቅርፊቱ ላይ ለጥቂት ደቂቃ ያዙት። ቅርፊቱ ሲርስ ጠርዙ ነጣ ብሎ ይነሳል፤ ያኔ ጎዙን ቀስ ብላችሁ ስትጠርጉት አብሮ ይመጣል። አልመጣም? ተዉት፣ ማታ ይመጣል። በጥፍር ከተነቀለ ከሥሩ ያለው ለጋ ቆዳ አብሮ ይነሳና ቁስሉ እንደ አዲስ ይጀምራል። በመጨረሻ በንጹሕ የወረቀት ሶፍት አድርቁት። ፎጣ አትጠቀሙ፤ ክሩ ጌጡን ይዞ ይጎትታል፣ ብዙ ጊዜም ንጹሕ አይደለም።

«እንዳይጣበቅ አሽከርክሩት» የሚለው ምክር ዛሬም ይነገራል። አትስሙት። ጌጡ በዞረ ቁጥር ላዩ ላይ የደረቀው ቆሻሻ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ውስጥ የተሠራው ስስ ቆዳም ይቀደዳል። አልኮል፣ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድና አዮዲንም ይቅሩባችሁ። ጀርሙን ብቻ አይገድሉም፤ ቁስሉን የሚጠግኑትንም ሴሎች ይጎዳሉ። ቫዝሊንና ወፍራም ቅባት ቀዳዳውን ይደፍኑታል።

ቀዳዳው ድኖ የሚያልቅበት ጊዜ እንደ ቦታው ይለያያል። ለስላሳው የታችኛው የጆሮ ክፍል ከ6 እስከ 8 ሳምንት፣ የአፍንጫ ክንፍ ከ4 እስከ 6 ወር፣ ልም አጥንትና እምብርት ከ6 ወር እስከ አንድ ዓመት ይፈልጋሉ። ቀዳዳ ከጠርዙ ወደ ውስጥ ስለሚድን ላዩ ጤነኛ ሲመስል ውስጡ ገና ቁስል ነው። ጌጥ ለመቀየር የሚቸኩል ሰው የሚቸገረው ለዚህ ነው።

ቀዳዳው ጥግ ትንሽ ጉብታ ወጣ

ብዙ ጊዜ ይህ ኢንፌክሽን አይደለም። ቀዳዳው ተቆጥቶ ነው። ጉብታው ትንሽ ነው፣ ከቀዳዳው አይርቅም፣ አንዳንዴ ይደማል ወይም ይረጥባል። የሚያስቆጣውን ነገር ፈልጉ።

በዚያ ጎን ትተኛላችሁ? መሃሉ ቀዳዳ ያለው ትራስ ፈልጉና ጆሯችሁን ቀዳዳው ላይ አድርጉት። ጌጡ ረዝሞ ይወዛወዛል? ሲበሳ ለእብጠቱ ቦታ እንዲኖር ዘንጉ ሆን ተብሎ ይረዝማል። እብጠቱ ሲወርድ ግን ትርፉ ፀጉር ውስጥ ይገባል፣ ልብስ ይይዘዋል። ወደ በሺው ተመለሱና አጠር ያለ ያድርግላችሁ። ይህን ሰው ይረሳዋል፤ ነገር ግን ግትር ጉብታዎች ብዙ ጊዜ የሚጠፉት በዚህ ነው። ቀለበት ያደረገ አዲስ ቀዳዳም ቶሎ ይቆጣል፤ እስኪድን ቀጥ ያለ ዘንግ ይሻላል። ቀዳዳው ራሱ ዘመም ብሎ ከተበሳ ግን ምንም ብታጥቡት አይረጋጋም። ባለሙያ አይቶ ያውጣው፤ ሲድን እንደገና መበሳት ይቻላል።

ጉብታውን አትፍረጡት። አስፕሪን ወይም የሎሚ ጭማቂ አትቀቡት፤ ያቃጥለዋል።

ያሳክካል፣ ሽፍ ብሏል

ሕመሙ ትንሽ፣ ማሳከኩ ብዙ ከሆነ፣ ጌጡ የነካው ቆዳ ሁሉ ሽፍ ካለ ወይም ከተላላጠ፣ ኒኬል የተባለውን ብረት ጠርጥሩ። ርካሽ ጌጦች ውስጥ በብዛት አለ። «ሰርጂካል ስቲል» የሚባለውም ኒኬል አለበት። አንዴ ሰውነት ከጠላው አለርጂው ዕድሜ ልክ ይዘልቃል። መፍትሄው ቅባት ሳይሆን ብረቱን መቀየር ነው። ኤኤስቲኤም ኤፍ 136 የሚባለውን መስፈርት የሚያሟላ ታይታኒየም፣ ወይም ኒኬል የሌለበት 14 ካራትና ከዚያ በላይ የሆነ ወርቅ ይሁን። በወርቅ የተነከረ ጌጥ ለአዲስ ቀዳዳ አይሆንም፤ ንክሩ ይላላጥና ከሥሩ ያለው ብረት ይወጣል።

ይሞቃል፣ ይጠዘጥዛል፣ መግል ይዟል

ይህኛው ኢንፌክሽን ነው። አንድ ጥሩ መለያ አለው። ሕመሙ በየቀኑ እየቀነሰ መሆን ሲገባው ይብሳል፣ ወይም ጠፍቶ ሳለ ይመለሳል። ስትነኩት ከዙሪያው ይሞቃል። ወፍራም፣ ቢጫ ወይም አረንጓዴ፣ የሚሸት መግል ይወጣዋል።

አሁን ብዙ ሰው የሚያደርገው የመጀመሪያ ነገር ጌጡን ማውጣት ነው። አታውጡት። ጌጡ ሲወጣ ላዩ ቶሎ ይገጥምና መግሉ መውጫ አጥቶ ውስጥ ይቋጥራል። ሐኪም ካላዘዘ በቀር እዚያው ይቆይ። በሳላይን ማጠቡን ቀጥሉና ሐኪም ዘንድ ሄዳችሁ ታዩ። ካለፈው ሕመም የተረፈ አንቲባዮቲክ አንስቶ መዋጥ ደግሞ ነገሩን ያወሳስበዋል፤ ለዚህ ጀርም የማይሠራ ሊሆን ይችላል።

ልም አጥንት ከሆነ ጉዳዩ ሌላ ነው። ልም አጥንት የራሱ የደም ሥር የለውም፤ በዙሪያው ካለው ሽፋን ነው የሚመገበው። መድኃኒትም የሰውነት መከላከያም እዚያ ለመድረስ ይቸገራሉ። እዚያ የሚያጠቃው ብዙ ጊዜ ሱዶሞናስ የተባለ ባክቴሪያ ነው፤ እርጥበት ይወዳል፣ ለቆዳ ኢንፌክሽን የሚታዘዙ ብዙ የተለመዱ አንቲባዮቲኮችም አይገድሉትም። ስለዚህ የላይኛው ጆሯችሁ አብጦ፣ ሞቆ፣ ከራሳችሁ ራቅ ብሎ ከቆመ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ሂዱ። «ልም አጥንቱ ላይ ነው የተበሳሁት» ብላችሁም ተናገሩ፤ የሚታዘዘው መድኃኒት በዚያ ይወሰናል። ከዘገየ ልም አጥንቱ ይሞትና ጆሮው ይጨማደዳል፤ ቅርጹ በራሱ አይመለስም።

ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ከቀዳዳው ተነስቶ የሚሄድ ቀይ መስመር፣ በፍጥነት የሚሰፋ እብጠት፦ ማናቸውም ቢታዩ የትም ይበሳ የት፣ ሐኪም ሳያየው ማደር የለበትም።

ጠባሳው ከቀዳዳው አልፎ ያድጋል

ከተበሳ ወራት ካለፉ በኋላ የሚጀምር፣ ጠንከርና ወዝ ያለ፣ ከቁስሉ ድንበር አልፎ የሚያድግ ጠባሳ ኪሎይድ ነው። ጥቁር ቆዳ ባላቸው ሰዎች ላይ ይበዛል፤ በቤተሰብም ይወርዳል። በማጠብ አይጠፋም። የቆዳ ሐኪም የስቴሮይድ መርፌ፣ በቅዝቃዜ ማከም ወይም የሚጫን ልዩ ጉትቻ ሊያዝ ይችላል። ቆርጦ ማውጣት ብቻውን ሲሆን ብዙ ጊዜ ይመለሳል፣ አንዳንዴም ብሶ። እናታችሁ ወይም እህታችሁ ኪሎይድ ካላቸው፣ ልም አጥንት ከመበሳታችሁ በፊት ደጋግማችሁ አስቡበት።

ጌጡ ይሰምጣል ወይም ወደ ውጭ ይገፋል

የጌጡ ራስ ቆዳው ውስጥ እየገባ ከሆነ ዘንጉ አጥሯል። ሳይዋጥ በዚያው ቀን በረጅም ያስቀይሩት። ቆዳው ከሸፈነው ሐኪም ነው የሚያወጣው።

ተቃራኒው በእምብርትና በቅንድብ ላይ ይታያል። በሁለቱ ቀዳዳዎች መካከል ያለው ቆዳ እየሳሳ ይሄዳል፤ ዘንጉ ከሥሩ ጥላ ሆኖ ይታያል። ሰውነት እየገፋው ነው፤ አይመለስም። ቆዳው ተሰንጥቆ ሁለት ከመሆኑ በፊት ጌጡን አውጡ፤ ጠባሳው ያንሳል።

ምላስ

ምላስ በመጀመሪያዎቹ ከ3 እስከ 5 ቀናት ያብጣል፤ የሚጠበቅ ነው። በረዶ መምጠጥ ይረዳል፤ አልኮል የሌለው የአፍ ማጠቢያም ይሁን። እብጠቱ ሲወርድ ረጅሙን ዘንግ ማስቀየር ግዴታ ነው፤ ረጅም ዘንግ ጥርስ ይሰብራል፣ ድድም ያሸሻል። መዋጥ ካቃታችሁ፣ ከአገጭ በታች አብጦ ከጠነከረ ወይም መተንፈስ ከከበዳችሁ ግን ቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ፤ እብጠቱ የአየር መንገድ ሊዘጋ ይችላል።

ጌጡ ወልቆ ወደቀ

አዲስ ቀዳዳ በሰዓታት ውስጥ ሊጠብ ይችላል። ጌጡን በሳላይን እጠቡትና በታጠበ እጅ ቀስ ብላችሁ ሞክሩት። እምቢ ካለ አትግፉት፤ ውስጡን ሌላ ቦታ ትበሱታላችሁ። በዚያው ቀን ወደ በሺው ሂዱ፤ ጫፉ በሾለ ማስገቢያ አስፍቶ ሊመልሰው ይችላል። ከገጠመ ደግሞ ጠባሳው እስኪለሰልስ ጥቂት ወራት ጠብቃችሁ እንደገና ትበሳላችሁ።