ክረምት ሲገባ ውሃው ሲደፈርስ፦ ለማጣሪያ ጣቢያ ተረኞች ችግርና መፍትሄ

በሰሜን ሸዋ ደጋ ከወንዝ ለሚጠጣ ከተማ ፈተናው ሐምሌና ነሐሴ ነው። ከላይ ዘንቦ ያደረ እንደሆነ ጠዋት ፓምፑ የሚስበው ውሃ ወተት የገባበት ሻይ ይመስላል። ያን ጊዜ የብዙ ተረኛ እጅ ወደ ክሎሪኑ ይሮጣል። አትቸኩሉ። ጉድለቱ ከታየበት ቦታ ተነስታችሁ ወደ ኋላ፣ ወደ ወንዙ አቅጣጫ ፈትሹ።

ከማረጋጊያ ገንዳው የሚወጣው ውሃ አልጠራም

አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ አሉሙ (ጭቃውን አያይዞ የሚያወርደው ኬሚካል) በትናንቱ ልክ እየገባ መሆኑ ነው፤ ውሃው ተለውጧል፣ ልኩ ግን አልተለወጠም። መፍትሄው ግምት ሳይሆን የብርጭቆ ሙከራ ነው። 10 ግራም አሉም በ1 ሊትር ንጹህ ውሃ በጥብጡ። ከዚህ 1 ሚሊ ሊትር በ1 ሊትር ጥሬ ውሃ ላይ ሲጨመር 10 ሚሊግራም በሊትር ይሆናል። አንድ አንድ ሊትር ጥሬ ውሃ የያዙ ስድስት ዕቃዎች ደርድራችሁ ከ2 እስከ 7 ሚሊ ሊትር ጨምሩ፤ አንድ ደቂቃ በፍጥነት፣ ከዚያ 15 ደቂቃ በዝግታ አማስሉ፤ ግማሽ ሰዓት አሳርፉ። ልኩ በተገኘበት ዕቃ ውስጥ ጭቃው እንደ ጥጥ ብናኝ ተያይዞ፣ እየከበደ ሲወርድ በዓይን ይታያል። ከጠሩት መካከል አነስተኛ አሉም የወሰደውን ምረጡ። አንዱም ካልጠራ ፒኤች (የውሃውን የአሲድነት ልክ) ለኩ፤ አሉም ራሱ ፒኤቹን ዝቅ ያደርጋል፣ ጥቂት ኖራ ይመልሰዋል። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ደግሞ ውሃው ስለሚቀዘቅዝ ብናኙ ለመያያዝ ጊዜ ይፈልጋል፤ አሉም ከመጨመራችሁ በፊት የሚገባውን ውሃ መጠን ቀንሱ።

የአሸዋ ማጣሪያው ቶሎ ይደፈናል

ማረጋጊያው ደህና ከሆነ ጥፋቱ የአስተጣጠብ ነው። በግልባጭ፣ ውሃውን ከታች ወደ ላይ እየገፋችሁ ስታጥቡ ሰዓት ሳይሆን የሚወጣውን ውሃ ተመልከቱ፤ እስኪጠራ ድረስ አታቁሙ። ከታጠበ በኋላ የሚወጣውን የመጀመሪያ ውሃ ወደ ፍሳሽ ልቀቁት እንጂ ወደ ሕዝቡ አትላኩት።

ቦኖው ላይ ቀሪ ክሎሪን የለም

ቀሪ ክሎሪን ማለት ውሃው ከታከመ በኋላ በውስጡ የሚተርፈው ነው። ከሁሉ የሚያሳስበኝ ይህ ነው፤ ሕፃናት የሚጠጡት ከቦኖው ነውና። በመጀመሪያ ከማጠራቀሚያው መውጫ ለኩ። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ፒኤች ከ8 በታች ሆኖ ከ30 ደቂቃ ቆይታ በኋላ ቢያንስ 0.5 ሚሊግራም በሊትር ነው። እዚያ ካለና ቦኖው ላይ ከጠፋ፣ መስመሩ ተሰብሮ ወይም ውሃው ሲቋረጥ ቆሻሻ እየሳበ ሊሆን ይችላል። ከማጠራቀሚያው መውጫም ከሌለ የክሎሪን ዱቄቱን ተጠራጠሩ። በቀን 1,000 ሜትር ኩብ ውሃ በ2 ሚሊግራም በሊትር ለማከም 2 ኪሎ ንጹህ ክሎሪን ያስፈልጋል። የዱቄቱ 70 በመቶ ክሎሪን ከሆነ 2.9 ኪሎ ገደማ ይበቃል፤ እርጥበት ነክቶት ወደ 50 በመቶ ከወረደ ግን 4 ኪሎ ነው። በመዝገቡ ላይ ልኩ ትክክል ሆኖ ውሃው ሳይታከም የሚቀረው እንዲህ ነው። የመጨመሪያው ቱቦ በነጭ ዝቃጭ አለመዘጋቱንም እዩ። ክሎሪንና አሉም በአንድ ክፍል አይቀመጡ፤ ከተቀላቀሉ መርዛማ ጋዝ ይወጣል። ስትበጠብጡም ዱቄቱን ወደ ውሃው እንጂ ውሃውን ወደ ዱቄቱ አታፍስሱ።

ፓምፑ ማንም ሳይነካው ይቆማል

መብራትና ፊውዝ ደህና ከሆኑ መቆጣጠሪያውን ማን ሊገባበት እንደሚችል ጠይቁ። በኅዳር 2016 ዓ.ም. በአሜሪካ ፔንሲልቬንያ፣ አሊኪፓ ከተማ የውሃ ግፊት የሚቆጣጠር መሣሪያ በኢንተርኔት በኩል ተጠልፎ ሠራተኞቹ ሥራውን በእጅ አስኬደውታል። ያ ዓይነት መሣሪያ ከፋብሪካ ሲመጣ የይለፍ ቃሉ 1111 ነበር። የእናንተንም ዛሬውኑ ቀይሩ፤ ኢንተርኔት የማያስፈልገውን መሣሪያ ንቀሉ። የማጠራቀሚያው ክዳን ቁልፍ፣ የአየር መውጫው ወንፊት ይኑረው። በወር አንድ ቀን ደግሞ ኮምፒውተሩን አጥፍታችሁ፣ አዲሱ ተረኛ ቫልቮቹን በእጁ እየከፈተና እየዘጋ ጣቢያውን ያንቀሳቅሰው።