ከሕንድ መጥተው ደሴ ላይ የኖሩ መምህር የሕይወት ታሪክ እንዴት ይዘጋጃል?

በ1933 ዓ.ም. ጣሊያን ከተባረረ በኋላ ኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶቿን እንደገና ስታቋቁም መምህራንን ከውጭ አገር ቀጥራ አስመጥታለች። ከእነርሱም መካከል ሕንዳውያን፣ በተለይም የደቡብ ሕንዷ ግዛት የኬረላ ተወላጆች፣ እስከ ጠቅላይ ግዛት ከተሞች ድረስ ዘልቀው ሂሳብና ሳይንስ አስተምረዋል። ከእነዚህ መምህራን አንዱ ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ላይ ኖረው ያረፉ እንደሆነ፣ የሕይወት ታሪካቸውን የማዘጋጀቱ ኃላፊነት የሚወድቀው በቀድሞ ተማሪዎቻቸውና በጎረቤቶቻቸው ላይ ነው።

የሥራው ዋና ችግር ታሪኩ ለሁለት የተከፈለ መሆኑ ነው። የአገር ልጅ ሲሞት ልጅነቱን የሚያውቅ አጎት ወይም አብሮ አደግ አይጠፋም፤ የእኒህን መምህር ልጅነት የሚያውቁት ግን የደሴውን ተራራ ጦሳን አይተው የማያውቁ ወንድምና እኅት ናቸው፣ የደሴ ኑሯቸውን የሚያውቀው ጎረቤት ደግሞ የተወለዱበትን ከተማ ስም እንኳ ላያውቅ ይችላል። ስለዚህ በመጀመሪያ ሁለት ሰው መድቡ፤ አንዱ ከቤተሰቡ ጋር ይጻጻፍ፣ ሌላው ሰፈሩንና ተማሪዎቹን ያነጋግር።

ቤተሰቡን ስለ ትውልድ ቦታቸው፣ ስለ ወላጆቻቸው፣ ስለ ትምህርታቸውና ከአገር ስለወጡበት ምክንያት መጠየቅ ይበቃል። ስማቸውን ግን አጣሩ። በኬረላ የአባት ወይም የቤት ስም ከራስ ስም ቀድሞ፣ አንዳንዴም በመነሻ ፊደል ብቻ ስለሚጻፍ፣ ተማሪው ሁሉ «ሚስተር» ብሎ ሲጠራበት የኖረው ስም የአባታቸው ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ሃይማኖታቸውንም በግምት አትጻፉ፤ በኬረላ ሂንዱውም፣ ሙስሊሙም፣ ክርስቲያኑም በብዛት ይኖራል።

ዓመተ ምሕረት ከሰው ትውስታ በቀጥታ አይገኝም። «በስንት ዓመተ ምሕረት አስተማሩህ?» ከማለት ይልቅ «ለዕድገት በኅብረት ዘመቻ ከመውጣትህ በፊት ነው ወይስ በኋላ?» ብትሉ፣ ዘመቻው በ1967 ዓ.ም. ስለተጀመረ መልሱ ራሱ ዘመኑን ያጠብበዋል። የ1965 እና 1966ቱ የወሎ ረሀብ፣ የንጉሡ መውረድ፣ ማትሪክ የተፈተኑበት ዓመት ሁሉ እንደዚሁ ያገለግላሉ። ከቤተሰቡ የሚመጣውን የፈረንጅ ዓመት ስትመልሱ ከመስከረም መግቢያ እስከ ዲሴምበር ማለቂያ 7፣ ከጃንዋሪ እስከ ጳጉሜን ደግሞ 8 ዓመት ቀንሱ።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነት በደሴም በኮምቦልቻም የተቋማት ንብረት ስለተዘረፈና ስለወደመ፣ ሮስተርም (የተማሪዎች ውጤት መዝገብ) ሆነ የመምህራን ማኅደር ሙሉ ሆኖ ይገኛል ብላችሁ አትጠብቁ። የደሴው የወይዘሮ ስኅን ትምህርት ቤትም ዛሬ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ ነው። የተሻለው ሰነድ በየቤቱ ያለው ነው። አንድ ተማሪ ሣጥን ውስጥ ያስቀመጠውን የውጤት ካርድ ብታገኙ፣ የክፍል ኃላፊው ፊርማ፣ የትምህርት ዘመኑ፣ የጠባይ ውጤቱና በአስተያየት መስጫው ላይ በእጃቸው የጻፏት አጭር ቃል በአንድ ወረቀት ላይ ይገኛሉ። የክፍል ፎቶግራፍ ስታገኙም ጀርባውን ጭምር አንሡት፤ የፎቶ ቤቱ ማኅተምና ቀኑ ብዙ ጊዜ እዚያ ነው።

ጠያቂው ከሁሉ ይልቅ ሊጠነቀቅ የሚገባው ከቅጽል ነው። «ምን ዓይነት ሰው ነበሩ?» ብሎ የጠየቀ ሰው «ደግ፣ ትሑት፣ ሥራ ወዳድ» የሚል፣ ለማንም ሟች የሚነበብ መልስ ይዞ ይመለሳል። ይልቁንስ ክፍል ሲገቡ መጀመሪያ ምን ያደርጉ እንደነበር፣ ያልገባውን ተማሪ ምን ይሉት እንደነበር፣ በእንግሊዝኛ አልገባ ያለውን ነገር በየትኛው የአማርኛ ቃል ያስረዱ እንደነበር ጠይቁ። አነጋገራቸውን እያስመሰለ የሚያስቅ ተማሪ አይጠፋም፤ በፍቅር እንደሆነ ባውቅም፣ ወንድማቸው ፊት በሚነበብ ጽሑፍ ውስጥ መግባት የለበትም እላለሁ።

ሰፈር ውስጥ ደግሞ የቅሬውን፣ ማለትም በወሎ ዕድር የሚባለውን ማኅበር፣ ጸሐፊ አነጋግሩ። መዋጮ ከመቼ ጀምሮ ይከፍሉ እንደነበር፣ ለቅሶ ቤት ከማን ጋር ይቀመጡ እንደነበር፣ በዒድና በገና ማን ቤት ይበሉ እንደነበር ማወቅ፣ ወሎ ሙስሊምና ክርስቲያን ሳይል እንደ ራሱ ሰው መያዙን ከማንኛውም ውዳሴ ይልቅ ያሳያል። ብቸኝነት፣ የኮንትራት መቋረጥ ወይም የናፍቆት ዘመን ከነበረባቸውም፣ ቤተሰቡን አስፈቅዳችሁ ጻፉት፤ ሰው አገሩን ትቶ ሲኖር የሚከፍለው ዋጋ የታሪኩ አካል ነው።

ስትጽፉ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው «እሳቸው» እያላችሁ ጻፉ። ለቀብር ዕለት ከአንድ ገጽ አትለፉ፤ ረጅሙን ለሙት ዓመታቸው ወይም ቤተሰቡ ለሚመርጠው የመታሰቢያ ቀን አቆዩት። ከመነበቡ በፊት ሁለት የተለያየ ዘመን ተማሪዎች ይዩት፣ ለቤተሰቡም የእንግሊዝኛ ትርጉሙ ይላክ። የተጠናቀቀውን ጽሑፍ ከካርዶቹና ከፎቶግራፎቹ ቅጂ ጋር ለቅሬው፣ ላስተማሩበት ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍትና ለቤተሰቡ አንዳንድ ቅጂ ስጡ።